የተዛነቀው ጥማድ

አያ ክንዱ ኮሶዬ ላይ ከእርሻው ዳር ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ሁለት በሬዎች እንደተጠመዱ ከሬሳው አጠገብ ቆመዋል። ጭቃ ሹሙ ከሩቅ አይቶ ሰው እንዳይወርድ ከለከለ።

የመቶ አለቃ ሰጠኝ ከጎንደር በማኪና መጥቶ መጀመሪያ እርሻውን ዞረ፤ ከዚያ ወደ ሟቹ ግቢ ወጣ። ፋንታሁን እጁን በጠፍር ታስሮ ተቀምጧል። የሟቹ መቀናጆ ነው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስላላቸው አቀናጅተው በተራ ያርሱ ነበር።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ የሟቹ ወንድም ሐብተ ማርያም፣ ከተማ ያደገ ጸሐፊ። «ማለዳ አብረው ሲያርሱ ተጣሉ፤ ይኼ በዱላ መታው።»

«ውሸት!» አለ ፋንታሁን። «ዛሬ ተራው የአያ ክንዱ ነው። በሬዬ ቦራም ያደረው እሱ በረት ነው፤ እኔ ከቤቴ አልወጣሁም።»

«ነፍሰ ገዳይ መቼ አዎ ይላል?»

በሰው አንገት የሚቸኩል ምስክር ሰጠኝን ያበግነዋል። ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። «ታየች፣ ባልሽ ጠብ ነበረው?»

«ከወንድሙ ጋር ነዋ! ርስቱን ልቀቅ እያለ መች አስቀመጠው።»

«እሷማ ምን ትበል!» አለ ሐብተ ማርያም። «እሷና ፋንታሁን ጥማድ ናቸው!»

«ጥማድ?» ቃሉ ሰጠኝን እርሻው ላይ የቆሙትን በሬዎች አሳሰበው። «ተነሡ፤ ሁላችሁም ወደ እርሻው!»

ታየች ገና ቁልቁለቱን ሳትጨርስ ጮኸች። «ውይ! የባሌን በሬ፣ ዳልቻውን ማን ነው በግራ የጠመደው?»

ሰጠኝ ፋንታሁንን ፈትቶ ቀንበሩን ከበሬዎቹ ጫንቃ አስነሣው። ዳልቻው ማንም ሳይነዳው በቦራው ኋላ ዞሮ ቀኙን ያዘ።

«ስማ፣ ጸሐፊው» አለ ሰጠኝ። «ጥማድ ከመጥመድ የወጣ ቃል ነው። ሁለት በሬ ጎን ለጎን ስለቆመ ጥማድ አይባልም፤ ቀንበር ለምዶ ቀኙና ግራው ተለይቶ ነው። ክንዱና ፋንታሁን ዓይናቸው ቢታሰር እንኳ የበሬዎቹን ጎን አይስቱም። ታየችም ዕለት ዕለት ስታያቸው ኖራ ይኸው ከሩቅ ለየች። አንተ ሲያርሱ አየሁ አልህ፤ እስቲ አንድ ትልም አሳየኝ! መሬቱ አልተነካም። ክንዱ ከሞተ በኋላ፣ ሲያርሱ የተጣሉ ለማስመሰል የጠመዳቸው ሰው፣ ሁለት ከሆኑ ይበቃል ብሎ ያሰበ ሰው ነው። እዚህ እንዲህ የሚያስብ ከአንተ በቀር ማን አለ?»

ሐብተ ማርያም ዙሪያውን ቃኘ። መንገድ የሰጠው ሰው የለም።

«የአባቴ መሬት ነው፤ ከለከለኝ!» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ታዲያ በአንድ በሬ ጎን ልሰቀል ነው?»

«በወንድምህ ነው እንጂ» አለው ሰጠኝ።