ለብርቅነሽ ያልወጣው እጅ

ብርቅነሽ ቶለሳን የተቀየመችው ለእሷ እጁን ስላላወጣ ነው። ሰባት ዓመት ሆናት። ሰው እያደር ይረሳል ይባላል፤ እሷ አልረሳችም፣ ልርሳም ብላ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ አልቆ ጥዱ ከሚጀምርበት፣ የሰፈሩ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ሠርቶ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመንግሥት ያልሆነ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ያቺ ስድስት አልጋ ያላት የድንጋይ ቤት ግን የሰፈሩ ነበረች። ድንጋይ ያልተሸከመላት ቤተሰብ የለም። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡት ቡልጋሮችና ጀርመኖች እዚያ ያድራሉ፤ ሴቶቹ በተራ ያበሰሉትን ይበላሉ። የሰፈሩ ደንብም አለ፤ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም። እንጨት የተሸከመች ሴት ሳትጠየቅ ፎቶ አትነሣም። ከአንድ ቤት ደግሞ ሁለት ሰው ሥራ አይይዝም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የቤቷ ኃላፊ ሊመረጥ ስብሰባ ተጠራ። ብርቅነሽና ይገዙ የሚባል ሰው ቀረቡ። እሷ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ቤቷን ግን ከመሠረቷ ጀምራ ታውቃታለች።

ሠላሳ ለሠላሳ እኩል ወጡ። እጁን ያላወጣ አንድ ሰው ነበር፤ ቶለሳ። የእንግዶቹ መንገድ መሪ። ከእሷ ጋር ክረምት ከበጋ ድንጋይ ያመላለሰው፣ ሲተያዩ ወሬ የሚጠፋባቸው ቶለሳ። እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ መሬት መሬት ያያል።

«እኩል ከሆኑ መጻፍ የሚችለው ይሁን» ተባለ። ለይገዙ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ቶለሳ ሽማግሌ ላከ። ብርቅነሽ ከጓዳ ሳትወጣ፣ «በሰው ፊት ያፈረብኝ፣ በቤቱ አይኮራብኝም። መልሱልኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የቤታቸው ተራ ሲደርስ ታናሽ እህቷን ነው የምትልከው። እሷ ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንግዶች ሲያልፉ ቀና አትልም። ግን የቶለሳን በረባሶ ከሃያ ጫማ ድምፅ መሃል ትለያለች። ድምፁ እስኪርቅ እንዝርቷ አይዞርም። ሁለት ሰው ጠይቋት እምቢ ብላለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት እህቷ አግብታ ሸጎሌ ገባች። ተራው ደረሰ፤ የሚላክ ሰው ጠፋ። ብርቅነሽ ድንቿን አዝላ ዳገቱን ወጣች።

ቶለሳ በር ላይ ደረቅ እንጨት ይፈልጣል። ጠጉሩ ከጎን ነጭ ጣል አድርጎበታል። ብርቅነሽ ድንቿን አወረደችና ቢላዋ አውጥታ መላጥ ጀመረች።

«እህትሽስ?» አላት።

«አገባች። ሰው እኮ ያገባል።»

«ሲሉ እሰማለሁ።»

አንድ ረጅም ጀርመን ካሜራውን ይዞ መጣና ለቶለሳ የሆነ ነገር አለው። ቶለሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፎቶ ላንሣት ወይ ይላል።»

«ያንሣኝ። እሱ እንኳ ይጠይቃል።»

እንግዳው አንሥቷት ሄደ። ቶለሳ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«እኔስ አልጠየቅሁም? ሽማግሌ ልኬ የለም?»

«ሕዝብ ፊት ከከዳኸኝ በኋላ!»

«ብርቄ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይሠራም። እኔ በልቤ ቤቴ አድርጌሽ ነበር። ለገዛ ቤቴ እጄን ላውጣ? ነገ ስንጋባ ሰው ምን ይለኛል?»

ቢላዋዋ ድንቹ ላይ ቆመ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንን አላሰበችውም።

«ለእኔስ አይነገረኝም?»

«ሦስት ቀን ነው የዘገየሁት።»

«እሺ፤ ቤትህ ካደረግኸኝ የመሪነቱን ሥራ አንተ አትለቅም ነበር?»

ቶለሳ የፈለጠውን እንጨት መሰብሰብ ጀመረ። ጉሙ በመሃላቸው ገብቶ ወጣ።

«እሱን አላሰብሁትም» አለ በመጨረሻ። «ጥፋቴ እሱ ነው።»

ድንቹን ልጣ ልትጨርስ ስትል፣ ቀስ ብሎ፣ «ቅዳሜ ወደ ባሌ አገር እሄዳለሁ» አላት። «እዚያ ያሉ ገበሬዎች እንደዚህ ያለ ቤት ሊሠሩ ነው፤ አሳየን ብለውኛል። የምመለስ አይመስለኝም።»

«በሰላም ግባ» አለችው። የላጠችውን ድንች ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ያን ሰሞን ፈትሉ እየተበጠሰ አስቸገራት። ሐሙስ ጠዋት እንዝርቱን ወርውራ ተነሣች። ያሰበችውን ስትነግራቸው አባቷ አቶ መሸሻ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ፣ «ካንቺ ጋር ተከራክሮ ማን ረታ?» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷ በቀጥታ የሄደችው ስብሰባውን ይመሩ ወደነበሩት፣ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ወደ አቶ ሙዘይን ነው።

«አባባ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ማን ጋ?»

«ቶለሳ ጋ።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ስትልክ የት አገር አይተሻል?»

«ጉለሌ ይታያል። ነጠላዎን ያጣፉ።»

አቶ ሙዘይን ሁለት ሰው አስከትለው የቶለሳ እናት ደጅ ቆሙ። ብርቅነሽም ቤቷ መጠበቅ አቅቷት ከኋላቸው ቆመች።

«እ... ማለቴ፣ እመት አበራሽ» አሉ አቶ ሙዘይን ላብ እያጠመቃቸው፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

«የትኛዋን ልጄን? እኔ ያለኝ ወንድ ነው።»

«እሱኑ ነው።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቶለሳ የጉዞ ዕቃውን የሚያሥርበትን ገመድ እንደያዘ ወጣ። ዓይኖቹ ብርቅነሽ ላይ ቀሩ።

«ባሌ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው። «ለሚሠራው ቤት ግን ኃላፊ ሆኜ የምመረጠው እኔ ነኝ። መሪ ሌላ ይፈልጉ። አንተ ድንጋይ ትሸከማለህ።»

«እሸከማለሁ።»

«ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም ማለትም የለም።»

«ሁለቱንም አወጣለሁ።»

እመት አበራሽ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ።

«ታዲያ ምን አቆማችሁ?» አሉ በሩን ገፋ አድርገው። «ግቡና ተቀመጡ እንጂ!»