አፕል ቫሊ ያየናት የሕይወት አድን ጀልባ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሐበሻ ሴቶች፣ እገሊት ከሞተችም በኋላ ክፍሏ ደወል ይደውላል ሲሉ፣ ሽቦው ተበላሽቶ ነው እላለሁ፣ እሱንም በልቤ ነው፣ ሰው መሐል አፍ አውጥቼ መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ግን የጨመርኩበት ነገር የለም።

ባለቤቴ ጌታሁን ትራክ ይነዳል። ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ "ልጁን አልብሺው፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለኝና ከሰፈራችን ከሲዋርድ ከከተማው ዳር አፕል ቫሊ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ወሰደን። ስልኩ ላይ ማስታወቂያ አይቶ ነው፣ ከትልቅ መርከብ የወረደች የሕይወት አድን ጀልባ፣ ታድሳ፣ አልጋና ምድጃ ገብቶላት፣ ለሽያጭ። ሐይቅ ላይ እናቆማታለን፣ እናከራያታለን፣ አንቺም ከዊኬንድ ሺፍት ትገላገያለሽ እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ እኔ ስልኬን ይዤ ለታምሩ ድምፅ እየቀዳሁ ነበር።

ታምሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ፀጉሬን ሳይቀር የሚሠራኝ እሱ ነበር፣ ጠማማ አድርጎ። ነፍሰ ጡር እያለሁ ከሊቢያ ጠረፍ ደውሎ "ዛሬ ወይ ነገ እንሳፈራለን" አለኝ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ጌታሁን አጣርቻለሁ አለ፣ ተይዘው እስር ቤት ናቸው፣ እዚያ ስልክ ይቀማሉ፣ ሲለቀቅ ይደውልልሻል አለኝ፣ አመንኩት። ሲፈታ ይሰማዋል ብዬ በየቀኑ ድምፅ እልክለት ነበር፣ ልጄ ናሆም ሲወለድ የመጀመሪያ ልቅሶውን፣ በኋላም ሲስቅ ሳቁን። ጌታሁን ከጎኔ ሆኖ ይሰማኛል።

ሻጩ ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ጀልባዋ ጓሮው ውስጥ ትሬለር ላይ ተጭናለች፣ ብርቱካናማ ናት፣ ዙሪያዋን ድፍን፣ በር የወጣለት እንቁላል በሏት። "ይህቺ አትሰምጥም፣ ብትገለበጥ እንኳ ራሷ ትቃናለች" አለ ሽማግሌው፣ ጌታሁን ወደ አማርኛ መለሰልኝና፣ "ሰማሽ፣ ከእኔ ትሻላለች፣ እኔን ለማንሳት አንቺ ታስፈልጊያለሽ" አለኝ። ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስካሁን ያናድደኛል።

ናሆም ጡት ፈልጎ አለቀሰ፣ እኔ ደግሞ ወንድ ፊት ጡት ማውጣት አፍራለሁ፣ ይዤው ጀልባዋ ውስጥ ገባሁና በሩን ገፋ አደረግሁት። አዲስ የእንጨት ወለል፣ ንጹሕ አልጋ፣ መጋረጃ። በአንድ በኩል ግን ሽማግሌው የድሮውን ረጅም መቀመጫ እንዳለ ትቶታል፣ በየቦታው የተሳፋሪ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ስለ ሞተሩ ሲያወሩ ይሰማኛል፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታለች፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ቧንቧው ነው ብዬ ዞር ስል ቧንቧው ደረቅ ነው። ቀጥሎ ከወዲያኛው ጫፍ ቀጭ አለ፣ መኪና ውስጥ ቀበቶ ሲታሰር እንደሚለው፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው ቀጭ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ወደ እኔ እየቀረበ፣ ዓይኔን ተክዬ አያለሁ፣ አንዱም ቀበቶ አልተነቃነቀም። ከዚያ ሽታ መጣ፣ ቤንዚንና ጨው፣ ጨው ይሸታል ወይ አትበሉኝ፣ ሸተተኝ። ናሆም ጡቱን ትቶ ቀና አለ፣ ወደ ባዶው መቀመጫ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ፣ ሰው በሰው መሐል ተጋፍቶ ሲያልፍ እንደምንከተለው፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

"ጩጬ፣ እስቲ ጠጋ በይ።"

በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ጩጬ ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። እና አልጮህኩም፣ አልሮጥኩም፣ ጠጋ አልኩለት። ልጅ ሆነን አንድ ፍራሽ ላይ ስንተኛ እንደማደርገው፣ ሳላስበው፣ ጠጋ አልኩለት። መቀመጫው ሲጢጥ አለ፣ ግራ ጎኔ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ በረደኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጌታሁን ሮጦ መጣ።

"ምነው፣ ልጁ ምን ሆነ?"

"ታምሩ ውስጥ ነው" አልኩት። "ጠጋ በይ አለኝ።"

እስቲ ፍረዱ፣ ሌላ ባል ቢሆን አበድሽ እንዴ ይላል፣ ወይ ይስቃል። የጌታሁን ፊት አመድ መሰለ፣ ቀስ ብሎ፣

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

አየሁት። ያለው ነገር ለራሱም ዘግይቶ ገባው።

"ምኑን?"

"ቆይ፣ ቤት እንሂድ።"

"ምኑን ነው የሚነግሩኝ፣ ጌታሁን?"

"አራስ ነበርሽ" አለ። "ወተትሽ እንዳይደርቅ ብለን ነው። ልጁ ጠና ይበል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይዘን በሥርዓቱ እናረዳታለን ተባብለን ነው።"

"ከማን ጋር ነው የተባባላችሁት?"

መሬት መሬት አየ። "ከሁሉም ጋር።"

ከሁሉም ጋር። ናሆም ክርስትና ሲነሳ ቤቴን ሞልተው የበሉት፣ የጠጡት፣ እስክስታ የወረዱት ሁሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሴቶቹ አቅፈው አልለቅ ሲሉኝ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ ሲሉኝ፣ ስለ ምጡ መስሎኝ "ኧረ ደህና ነኝ፣ ቀላል ነበር" እያልኩ እመልስላቸው ነበር። መርዶ በማለዳ፣ በሰው ተከብቦ እንደሚነገር አውቃለሁ፣ አራስን ማንም እንደማያረዳ አውቃለሁ፣ ያደግሁበት ነው። ግን ለሞተ ሰው የልጄን ሳቅ እየቀዳሁ ስሰድ አጠገቤ ተጋድሞ ዝም ብሎ መስማት የማን ሥርዓት ነው?

"ባሕር ውስጥ መቅረቱን እያወቅክ" አልኩት፣ በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም፣ "ጀልባ ልታሳየኝ አመጣኸኝ?"

"አላሰብኩትም" አለ። "እውነቴን ነው፣ በዚያ በኩል አላሰብኩትም።"

እውነቱን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

ይሄኔ ሽማግሌው ፎጣ ይዞ መጣ። የቀሚሴ ግራ ጎን ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ጌታሁን በእንግሊዝኛ "ልጁ ሸንቶባት ነው" አለው። ናሆምን እዚያው ሣሩ ላይ አስተኝቼ ዳይፐሩን ፈታሁት፣ ደረቅ ነው፣ ለሁለቱም አሳየኋቸው። ሽማግሌው ወደ ጀልባዋ ወጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ወረደና በሩን ቆለፈው። ከዚያ በኋላ ስለ ሽያጭ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እስከ መኪናችን ሸኝቶን ለእኔ ብቻ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። ውስጥ ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም፣ እንግሊዝኛዬም አያደርሰኝም።

የእኛዎቹ ሽማግሌዎች በማግሥቱ ማለዳ ሊያረዱኝ መጡ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ትልቁ ጉሮሮውን ሲጠርግ "አውቃለሁ፣ አባባ" አልኩት። ሁሉም ወደ ጌታሁን ዞሩ፣ ብቻህን አረዳሃት፣ ነውር አይደለም ወይ ብለው ወረዱበት፣ እኔ አልነገርኳትም ብሎ ቢምል ማን ይመነው። አላስጣልኩትም።

አንድ ነገር ግን አለ። ታምሩ ጠጋ ካልኩለት በኋላ ሌላም ነገር ነግሮኛል፣ የጌታሁንን ስም ጠርቶ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም። ጌታሁን ከፊቴ ይሁን ከምኔ እንጃ ጠርጥሯል፣ ሌላስ ምን አለሽ እያለ ይጠይቀኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ትሰማለህ እለዋለሁ። ክፋት ነው ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ።

ባለፈው ሳምንት በትራኩ ሎድ ሊያደርስ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ።

"መንገድ ነው?" አለኝ። "መንገድ ላይ የሚደርስብኝን ነው የነገረሽ?"

ናሆምን አቅፌ አየሁት። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ የትራኩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ያን ቀን አልወጣም።