በቀትር የገቡት ጋሼ ይማም

ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ዛሬም ጂን ነው አልላችሁም፣ የሆነውን ልንገራችሁና ስሙን እናንተው ፈልጉለት።

በዚያ በጋ እህቴ ዘሃራ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ቆቦ እናታችን ቤት አራስ ነበረች፣ እኔም ልጠይቃት ሄጃለሁ፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የጥናቴ ማቅረቢያ ስለደረሰ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቼ ነው የምውለው። የማጠናው ቫይረስ በምን በኩል ሴል ውስጥ እንደሚገባ ነው፣ ለዚህም ቫይረስ መሳይ ቅንጣቶች እንጠቀማለን፣ ቅርፊታቸው ቁርጥ ቫይረሱን ነው፣ ውስጣቸው ግን የሚራባ ዘር የለውም፣ ስለዚህ አያሳምሙም። ልዩ ብርሃን ሲያርፍባቸው አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ፣ እኛም በማይክሮስኮፕ እየቀረፅን እንከታተላቸዋለን።

የዚያን ቀን የእናቴ ወንድም ጋሼ ይማም ሕፃኑን ሊያዩ ከዋጃ ይመጣሉ ብለን እየጠበቅን ነበር፣ ከተወለደ አላዩትም። ቀትር ነው፣ የራያን ቀትር መቼም ታውቁታላችሁ፣ የባጃጁ ድምፅ እንኳን ጠፍቷል፣ የጣራው ቆርቆሮ ብቻ ቋ፣ ቋ ይላል። በቀረፅነው ቪዲዮ ላይ አንዷ ቅንጣት ሴሉ ላይ ተለጥፋ ወዲያ ወዲህ ስትንሸራተት እያየሁ ሳለ፣ ከውጭ ግድግዳው ሲታበስ ሰማሁ፣ አንድ ሰው መዳፉን እያስነካ ቤቱን የሚዞር ይመስላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ፍየል ነው ብዬ ተውኩት።

«ቤቶች!»

እናቴ ከመስገጃዋ ሳትነሳ «ይማም ነው፣ ግባ ግባ!» አለች።

ጋሼ ይማም ገቡ። ወላሂ እሳቸው ናቸው፣ ሽርጣቸው፣ ሂና የነካው ጺማቸው፣ ሁሉም። እናቴ «እንዴት ዋልክ?» ስትላቸው «እንዴት ዋልክ» አሉ፣ «ሰላም ነህ?» ስትል «ሰላም ነህ» አሉ፣ ሴትዋን እንደ ወንድ ሲጠሯት ፀሐዩ መቷቸው ነው ብለን ሳቅን። ከዚያ ከኋላዬ ቆመው ቅንጣቷ ሴሉ ውስጥ ስትገባ ስክሪኑ ላይ አዩና፣

«ማን ከፈተላት?» አሉኝ።

«ሴሉ ራሱ ነው ጋሼ፣ የሚያውቀውን ነገር ስለምትመስለው።»

«ውስጧስ?»

«ባዶ ነው።»

ያን ያህል ቀርበውኝ ትንፋሻቸው አልተሰማኝም፣ ይህን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው። መጋረጃውን ገልጠው ዘሃራ ወደተኛችበት ጓዳ ገቡ።

ወዲያው የእናቴ ስልክ ጮኸ። አነሳች፣ አዳመጠች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል፣ የጋሼ ይማም ድምፅ ነው፣ «እህቴ፣ ሚኒባሱ ተበላሽቶብን ዋጃ ቀርቻለሁ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላል።

ጓዳው ውስጥ እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ዘሃራ ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ጋሼስ?» አልኳት።

«አሁን እዚህ ነበሩ እኮ፣ ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት፣ ሻሼን ላስተካክል ዞር ስል…» አለችና ዙሪያዋን አየች። ጓዳው ሌላ በር የለውም፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው፣ በመጋረጃው በኩል ደግሞ እኛ ነበርን።

እናቴ ያን ማታ ቁርአን አስቀራች። ልጁ ደህና ነው፣ እንኳን ሊታመም አላለቀሰም።

በማግስቱ ጋሼ ይማም መጡ፣ እናቴ ግን ግባ አላለችም፣ ደጃፍ ላይ አቁማ ፊታቸውን በእጇ ዳበሰች።

«ምን ሆነሻል አንቺ፣ ፀሐይ ላይ አታቁሚኝ እንጂ!»

አስገብታ ነገሩን ስትነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም።

«ትናንት መኪናው እስኪሠራ ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉ፣ «በሕልሜ እዚህ ቤት ነበርኩ። ልጁን አየሁት፣ ከግራ ጆሮው ሥር ጥቁር ምልክት አለው።»

እውነት ነው፣ አለው፣ ግን እመኑኝ፣ ለማንም አልነገርንም ነበር።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ከዚያማ መውጫው ጠፋኝ፣ ብዞር ብዞር በር የለም። ረዳቱ ቀሰቀሰኝና ደወልኩልሽ።»

«ታዲያ ወጣህ?»

ጋሼ ይማም ወደ ጓዳው ዞረው አዩ።

«ነቃሁ እንጂ አልወጣሁም» አሉ።

ይህን የሰማችው ዘሃራ ወዲያው ልጇን ታቅፋ ከዚያ ቤት ስትወጣ፣ «አራስ ነሽ፣ በዚህ ፀሐይ የት ትሄጃለሽ?» ያላት ሰው አልነበረም።