ውሃውን ያጣው ከሰል

የአቶ ደስታው ሬሳ የተገኘው ረቡዕ ማለዳ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ማጅራቱን ተመትቷል። የድንጋይ መፈልፈያ መዶሻው አጠገቡ ወድቋል። የማስታወሻ ደብተሩ የለም።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም. ነው። ደስታው የማዕድን ባለሙያ ነበር። ከወሎ ተራሮች የድንጋይ ከሰል ናሙና ይዞ ወርዶ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ባቡር ይጠብቅ ነበር።

የፖሊስ መቶ አለቃ ጣሰው ከሬሳው አጠገብ ሳይነሣ ተጠርጣሪ ቀረበለት። የናሙናውን ሣጥን ከተራራው በጀርባው ያወረደው ጥጋቡ፣ ለቀን ሥራ ወደ ጥጥ እርሻ ሊሳፈር ሲል የሟቹን ካፖርት ለብሶ ተይዟል።

«ካፖርቱን ከየት አመጣኸው?»

«ራሳቸው ሰጡኝ፣ ጌታዬ። ደጋው ላይ ስንቀጠቀጥ አይተው።»

«በአዋሽ ሙቀት ካፖርት ትለብሳለህ?»

«የት ላኑረው? ቤት የለኝ።»

ጣሰው አመነው። ነገር ግን የእርሱ ማመን ሰውን ከስቅላት አያድንም።

ሟቹ ባረፈበት ሆቴል ሣጥኑን አስከፈተ። በየጆንያው ያለው ከሰል ጥቁር፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው። ጆንያዎቹ ደርቀዋል።

«ደርቀዋል?» አለች የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ንጋትወርቅ። «እሳቸው እኮ ጧት ማታ ውሃ ያርከፈክፉባቸው ነበር። ‹ድንጋይም ይጠማዋል እንዴ?› ብዬ ስቄባቸዋለሁ።»

«ምን መለሱ?»

«‹ይህ ከሰል ገና ልጅ ነው› አሉኝ። በጥንት ረግረግ የበሰበሰ ዕፅ ነው አሉ፤ እሳተ ገሞራ ከላይ ከታች አፍኖት የቀረ። ገና ስላልበሰለ ውሃው ሲለቀው ይፈረካከሳል። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከእንስራዬ ሥር አኑረውት ነበር።»

አምጥታ ሰጠችው። ቡናማ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ገና አልጠፋም።

ጣሰው ቡናማውንና ከሣጥኑ አንዱን ጥቁር በፖሊስ ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ አሰጣቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቡናማው ተሰነጣጠቀ፤ ተላላጠ፤ ዱቄት ሆነ። ጥቁሩ እንደነበረ ነው።

ናሙናው ተለውጧል።

በከተማዋ ጥቁር የድንጋይ ከሰል ያለው አንጥረኛው ፈንታ ብቻ ነው። «ማክሰኞ አቶ ጉግሳ አንድ ጆንያ ወስደዋል» አለ። ጉግሳ ያንን ተራራ ለመቆፈር ፈቃድ የጠየቀ ማኅበር ወኪል ነው፤ ያረፈውም በዚያው ሆቴል ነው።

«ለምን ገደሉት?» አለ ጣሰው፣ ጉግሳን ወደ ጣቢያው አስጠርቶ።

ጉግሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ልንገርዎ። ግማሹ አመድ ነው፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፏል። እኔ ከውጭው ከሰል አያንስም ብዬ በመኳንንት ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ጽሑፉን ለውጥልኝ ብዬ ለመንሁት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ይህን ለዳኛ ይደግሙታል።»

«ማን ያስደግመኛል? እስቲ ፈንታን ይጥሩት።»

ፈንታ ተጠራ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ለማንም ከሰል አልሰጠሁም አለ።

«የንጋትወርቅ ቃል አለ» አለ ጣሰው።

«ያለ ድንጋዩ ወሬ ነው። ድንጋዩን ያሳዩኛ።»

ጣሰው መሐረቡን ፈታ። ጉግሳ ዱቄቱን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይህማ አፈር ነው፣ መቶ አለቃ። በዚህ አገር ሞልቷል።»

ጣሰው ግማሹን ገምሶ በእርጥብ ጨርቅ ማኖር ይችል ነበር። አላሰበውም። እውነቱን ያረጋገጠበት ፀሐይ ማስረጃውን በላው፤ ያሰጣውም በገዛ እጁ ነው።

ከተራራው ሌላ ናሙና እስኪያስመጣ ድረስ የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ እንዲሰጠው የአዲስ አበባ አለቆቹን በቴሌግራም ለመነ። መልሱ በማግሥቱ ደረሰ፤ ተጠርጣሪውና ሣጥኑ ሳይዘገዩ ይላኩ የሚል ነበር።

ዓርብ ጥጋቡ ከሣጥኑ ጋር ከሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አጠገብ ቆመ። ጉግሳ በአንደኛ ማዕረግ ተሳፍሮ፣ መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ያነብባል።

«ጌታዬ» አለ ጥጋቡ፣ «ገዳያቸውን ደርሰውበታል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«አንተ አይደለህም።»

«ተመስገን» አለና በካቴና የታሰሩ እጆቹን ዘረጋለት። «እንግዲያው ይፍቱኝ።»

ቁልፉ በጣሰው ኪስ ውስጥ ነበር።