ዊላ ያዛወረቻቸው ቀይ ጥብጣቦች

ዊላ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ፣ ከሜፕል ጫካው ዳር ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዛፎቹን በስተው ባልዲ ይሰቅላሉ፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ጣፋጭ ውሃ አፍልተው እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ ያደርጉታል። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለውን ወፍራም ዛፍ ዊላ “የኔ” ትለው ነበር።

ጫካው ግን የአባቷ የኤይመስና የአጎቷ የሮይስ የጋራ ውርስ ነው። ጉዱን ስሙ ልጆች! ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህ ጫካ ሰበብ ተኳርፈው ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ነበር የሚቀመጡት። ያውም እየዘመሩ!

በመጨረሻ ፓስተሩ ለመኗቸውና በአገሩ ደንብ ተስማሙ፤ አንዱ ጫካውን ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ኤይመስ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። አርባ ዛፍ በቤቱ በኩል፣ አርባ በወንዙ በኩል። ድንበሩ ላይ ቀይ ጥብጣቦች አሰረና “አርባ በአርባ ነው፤ ነገ መጥተህ ምረጥ” ብሎ ለሮይስ ላከለት።

ዊላ አሰበች። “የአጎቴ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። የወንዙን በኩል ነው የሚመርጠው። ታዲያ ድንበሩን ትንሽ ብገፋው ማን ያውቃል?”

ልቧ “ተይ” አላት። እሷ ግን አልሰማችም። አባቷ ላም ሊያልብ ሲገባ ጥብጣቦቹን ፈትታ፣ ወደ ወንዙ ስድስት ዛፍ አልፋ አሰረቻቸው።

በማግስቱ ሮይስ መጣ። ዝም ብሎ የሚመርጥ መስሏት ነበር። እሱ ግን አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥር ጀመር! ዊላ ክው አለች።

“በወንዙ በኩል ሠላሳ አራት፣ በቤትህ በኩል አርባ ስድስት” አለ ሮይስ ፊቱ ተለዋውጦ። “ወንዙን እንደምመርጥ አውቀህ ነዋ!”

“ምን? ኧረ በጌታ! ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ!” አለ ኤይመስ።

“አሁንም ያው ነህ አንተ ሰውዬ! ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም!”

ሮይስ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ጀመረ። የአባቷ እጅ ለመጨባበጥ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጆች፣ አባታችሁ ባላጠፋው ጥፋት አጭበርባሪ ሲባል ቆማችሁ ብትሰሙስ?

“አጎቴ! እኔ ነኝ! ጥብጣቦቹን ያዛወርኩት እኔ ነኝ!” ብላ ዊላ ጮኸች።

ሮይስ ዞረ። “አንቺ? ዊሊዬ፣ አንቺ?” አለ አባቷ ቀስ ብሎ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። “ሮይስ፣ ከኔ ቤት የወጣ ክፍፍል ነው። እንዳለ ምረጥ።”

ዊላ አጎቷ የሚራራላቸው መስሏት ነበር። ሮይስ ጥብጣቦቹን አየ፣ እሷንም አየ።

“የቤቱን በኩል እወስዳለሁ” አለ።

እናንተዬ! አርባ ስድስቱን! የሷን ዛፍ ጨምሮ!

አባቷ ግን የወንድሙን እጅ ጨበጠ። ትንሽ ቆይተው ተቃቀፉ። “ለመሆኑ ቁርስ አለ? ርቦኛል” አለ ሮይስ፤ ሦስቱም ፓንኬክ ሊበሉ ገቡ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ በዊላ ዛፍ ላይ የአጎቷ ባልዲ ተሰቀለ። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቷ ታየዋለች። አንድ ቀን አለቀሰች።

“አባዬ፣ ስድስት ዛፍ አሳጣሁህ።”

“ወንድሜን ልታሳጪኝ ነበር እኮ” አለ አባቷ። “እውነቱን ተናግረሽ እሱን መለስሽልኝ። ዛፉ ይቅር።”

ልጆች፣ ከሰው ጋር ስትስማሙ፣ ሰው ባያይ እግዚአብሔር ያያልና የተስማማችሁበትን በስውር አትለውጡ።