የአበልጁ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ብርሀነ አውስትራሊያ፣ ሜልተን ካለው ቤታቸው ጀርባ፣ ዕቃ በሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ሼዳቸው ውስጥ፣ ደረታቸውን በጥይት ተመተው ሞተው ተገኙ። አጋዘን የሚያድኑበት አሮጌ ጠመንጃቸው ከጎናቸው ተጋድሟል፤ ውስጡ የተተኮሰ አንድ ቀለህ አለ። ጥይቱ ሰውየውንም ቆርቆሮውንም በስቶ ወደ ኋለኛው ሜዳ ሄዶ ጠፍቷል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች በሩ እንዳልተሰበረ፣ ትግል እንዳልነበረ አይተው «ራሱን ያጠፋ ይመስላል» አሉ። ይቺ «ይመስላል» የምትባል ቃል ስንት ቤት አፍርሳለች!

መርማሪ ወርቅውሃ ስትደርስ የሟች ልጅ ናዝራዊት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ ፊውነራሉ ለሐሙስ ቡክ ተደርጓል። ቄሱ ግን ራሱን ያጠፋ ከሆነ ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ። አባዬን ያለ ጸሎት አፈር ልናለብሰው ነው?»

«አጥፍቶ ከሆነ አጥፍቷል ነው የምልሽ» አለች ወርቅውሃ። «ለማጽናናት ብዬ አልዋሽሽም።»

ወርቅውሃ እንዲህ ናት። ዕድሜዋን ጠመንጃ ስትፈታና ስትገጥም ኖራ ሰውንም እንደዚያው መፍታት የለመደች፣ ምላሷ የማይለዝብ ሴት ናት። ይሁን እንጂ ልጅቷ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ስትጠርግ ስታይ መሐረቧን አቀበለቻት።

ሼዱ ውስጥ ገብታ ቀለሁን በወረንጦ አነሳችው። አዲስ ነው፤ ከዚህ በፊት ተተኩሶ እንደገና ያልተሞላ። ቂጡ ላይ፣ መርፌው ከመታው ጉድጓድ ፈንጠር ብሎ፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች ክብ ምልክት አለችበት። የጠመንጃውን ማቀባበያ ብረት መዝዛ ፊቱን አየችው፤ እንደገና ቀለሁን አየችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተቆለፈውን የጥይት ሣጥን ነካ ነካ አደረገች።

«የዚህ ቁልፍ የት ነው?»

«ቤት ውስጥ፣ ኪችን» አለች ናዝራዊት። «ማንም አልነካውም።»

መጀመሪያ የጠየቀችው የናዝራዊትን ባል ሳህሉን ነው። ታርኔት የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። አማቹን እንደማይወድ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እሳቸው ከማን ያልተጣሉ?» አለ ሳህሉ። «ጠመንጃዬን ‹የፕላስቲክ ዱላ› ነው የሚሉት። ‹ፋብሪካው ድሮ ሲሠራው ቀለሁን ነክሶ የሚይዝ ትልቅ ጥፍር ነበረው፤ በስድሳዎቹ መሃል ወጪ ልቀንስ ብሎ አበላሸው፤ የኔ አሮጌው ነው፣ ያንተ ግን ውራጅ...› እሁድ በመጣ ቁጥር ይሄው ስብከት ነው። በቃሌ አጥንቼዋለሁ። አበልጃቸውን ጋሼ እንድርያስን ግን አይናገሯቸውም። የጋሼ ጠመንጃ የአማቴ ጠመንጃ መንትያ ነዋ!»

ወርቅውሃ የሳህሉን ጥይት ከቀለሁ ጎን አስተያየችው። የሳህሉ ጥይት አንገቱ ይቀጥናል። ያ ቀለህ የሳህሉ ጠመንጃ ውስጥ ቢገፉት እንኳ አይገባም።

አቶ እንድርያስ የሟች አበልጅ ናቸው። ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ዓይናቸው ደም መስሎ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጠመንጃዎን ልየው ስትላቸው አላመነቱም፤ ያን ጥቁር ቡናማ እንጨቱን እየደባበሱ አመጡላት።

«ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ብርሀነ ነው» አሉ። «የዚያን ዕለት ‹የኔ መንትያ ነው› ብሎ ይሄን ሰጠኝ። ቅዳሜም አብረን ልንወጣ ተቀጣጥረን፣ መጥቶ ይወስደኛል ብዬ ስጠብቅ ቀረ።»

«ማን ነው የሚያጸዳልዎት?»

«እሱ ራሱ። ‹አንተ ተኩስ፤ መፍታቱን ለኔ ተወው› ይለኝ ነበር። እኔማ ልጄ፣ መተኮስ እንጂ ሆድ ዕቃውን የት አውቄው።»

አቶ ብርሀነ አርብ ማታ መጨረሻ የደወሉት ዌስት ፉትስክሬይ ልጃቸው ዘንድ ለሚኖሩት፣ በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጡት እትዬ የሺሃረግ ነበር። ወርቅውሃ እዚያ ሄደች።

«ወንድሜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ገብቶ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው» አሉ ሴትዮዋ። «ብርሀነ ካምፑ ውስጥ እንደነበረ ሰምቼ ብጠይቀው ሁልጊዜ ይሸሸኝ ነበር። አርብ ግን ‹ስለ ወንድምሽ የዋጥኩት ነገር አለ፤ ነገ ከሰዓት ቤቴ ነይ› አለኝ። ስመጣ ግቢው በፖሊስ ተሞልቷል።»

ወርቅውሃ የወንድማቸውን ስም ጠየቀቻቸው። ሲነግሯት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት።

ረቡዕ ከሰዓት አራቱንም ሰዎች የለቅሶ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ የሺሃረግ ጥግ ይዘው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ሦስቱ ጠመንጃዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«አዲሱ ሥሪት» አለች ወርቅውሃ የሳህሉን ማቀባበያ ብረት መዝዛ፣ «ፊቱ ላይ በስፕሪንግ ሞላ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ አለችው። ሥራዋ ቀለሁን ገፍታ መጣል ነው። ሲተኮስ ቀለሁ በኃይል ስለሚደገፍባት ክብ ምልክት ትታበት ትቀራለች። አሮጌው ሥሪት ዘንግ የለውም፤ ቀለሁን የሚጥለው በብረት ምላስ ነው። ከአቶ ብርሀነ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ የወጣው ቀለህ ግን የዘንግ ምልክት አለበት። እንግዲህ የተተኮሰው በሌላ ጠመንጃ ነው ማለት ነው። የሳቸው ውስጥ ያስገባው ገዳዩ ነው።»

«ስለዚህ አባዬ...» ናዝራዊት ብድግ አለች።

«ራሳቸውን አላጠፉም።»

ናዝራዊት ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። የቀሩት ግን ዞረው ሳህሉን አዩት።

«እሱን አትዩት። ቀለሁ የሱ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም።»

«የኔማ የብርሀነ መንትያ ነው» አሉ አቶ እንድርያስ። «ዘንግ የሚባል ነገር የለውም።»

ወርቅውሃ ማቀባበያውን መዝዛ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይንኩት።»

በአውራ ጣታቸው ነኩት። ትንሿ ዘንግ ገባ ብላ ተመልሳ ወጣች። ሰውየው እንደገና ነኳት፤ እንደገና ወጣች።

«አቶ ብርሀነ መንትያውን አላገኙትም» አለች ወርቅውሃ። «አዲሱን ሥሪት ገዝተው የአሮጌውን እንጨት አለበሱት። የማይገጥመውን ቦታ ከውስጥ በሙጫ ሞልተውታል። ራሳቸው የሚያጸዱልዎትም ማንም እንዳይፈታው ብለው ነው። ቅዳሜ የሳቸው የጥይት ሣጥን ተቆልፎ ነበር፤ ስለዚህ ለአደኑ ጎርሰው ይዘውት በመጡት በራስዎ ጠመንጃ ተኮሱ። ከዚያ መንትያ ናቸው ብለው አምነው ቀለህዎን የሳቸው ውስጥ ጨመሩት። የሳቸው በርሜል ካለፈው አደን ወዲህ አልተጠረገም ነበርና ቆሻሻውም አገዘዎት። የላብራቶሪው ማይክሮስኮፕ ዘንግዎንና ምልክቱን አመሳክሯል።»

«አበልጄን? ምን በወጣኝ!»

«እትዬ የሺሃረግ፣ የወንድምዎን ሙሉ ስም ይንገሩን።»

«እንድርያስ አምደሚካኤል።»

ናዝራዊት ወደ ሽማግሌው ዞረች። ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀው የጋሼ ስም ይኸው ነበር። እትዬ የሺሃረግ ተነስተው ወደ ሰውየው ቀረቡና ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ወንድሜ አይደለም» አሉ።

ሰውየው ማቀባበያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቀነዓ እባላለሁ» አሉ። «እንድርያስ በወባ ሞተ፤ የአውስትራሊያ ወረቀቱ ከሞተ በኋላ መጣለት። ‹ግባበት› ያለኝ ራሱ ብርሀነ ነው! ያለ ቄስ ቀብረነው መጣን። እና አሁን ‹እህቱ መጣች፣ ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሳኝ› ይለኛል። ልጆቼ በዚህ ስም ነው ያደጉት። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ እምቢ አለ።» ከዚያ ጠመንጃውን አዩት። «ይሄንንም ለስንት ሰው መንትያ ነው እያልኩ አወራሁለት።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ። ናዝራዊት ግን አልተረጋጋችም።

«አባዬ የሰው ወንድም ቀብሮ፣ በስሙ ሌላ ሰው እየጠራ፣ ሃያ ዓመት ከኛ ጋር በላ ጠጣ» አለች። «ጠመንጃውንም ዋሸ። ይሄን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።»

«ፍትሐቱን ያገኘሽለት በዚሁ ውሸቱ ነው» አለች ወርቅውሃ። «ያን ጠመንጃ በእውነት መንትያ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ነገ ያለ ጸሎት ትቀብሪው ነበር።»

ሐሙስ ይዘንብ ነበር። መቃብሩ ላይ እትዬ የሺሃረግ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ዣንጥላ ሳይዙ ብቻቸውን ቆመዋል። ሊያለቅሱ ይምጡ ሊረግሙ ማንም አላወቀም። ቄሱ መጽሐፉን ገልጠው የሟችን የክርስትና ስም ጠየቁ። ናዝራዊት የአባቷን ስም ተናገረች፤ ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ «አባ፣ አንዴ» ብላ አስቆመቻቸው። ጭቃውን እየረገጠች ወደ ኋላ ሄዳ አሮጊቷን በክንዳቸው ይዛ፣ በዣንጥላዋ አስጠልላ ወደ ፊት አመጣቻቸው።

«የወንድምዎንም ስም ለአባ ይንገሯቸው» አለች።

«ልጄ፣ አስከሬኑ የለ...» አሉ ቄሱ።

«ገዳሪፍ ነው ያለው» አሉ እትዬ የሺሃረግ፣ ስሙንም ነገሯቸው። ቄሱ ዝናቡን ከመጽሐፉ ላይ በእጃቸው ጠረጉና ለሁለቱም ጀመሩ።