ጥርስ የመሰለች ጠጠር

«ይህቺ ጠጠር ሰኞም እዚሁ ነበረች» አሉ እማማ ሳሊሀ።

ራዊያ ጓደኛዋን ሙህሲንን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እማማ ሳሊሀ ጠጠሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያሽከረክሯታል። ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጣታቸው ግን የሁለት ሰው ዓይን ያክላል። ጭናቸው ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ማሽላ፣ ከጎናቸው ደግሞ ጠጠሩን የሚጥሉበት ጣሳ አለ።

«ጠጠር ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ እማማ?» አለች ራዊያ።

«አይደለም ልጄ። ይህቺ አንድ ጎኗ ተሸርፎ ጥርስ ትመስላለች። ሰኞ ሳገኛት ስቄ ነው የጣልኳት።» ጠጠሯን አንዴ ደግመው ዳበሱና «ድንጋይም ዘመድ ይናፍቃል መሰለኝ» አሉ።

ሙህሲን ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ራዊያ በክርኗ ጎሸመችውና ጠጠሯ ጣሳው ውስጥ ስትወድቅ ለመስማት ጠበቀች። ምንም አልሰማችም።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ጣጣው የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነበር። ቆቦ ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ አሥራ አንድ ሰዎች ይኖራሉ። የትምህርት ቤቱን የበጎ ፈቃድ ክበብ የሚመሩት መምህርት የትናየት «ለእያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው የሚሠሩትን ነገር አቅዱ። የተሻለው እቅድ ወልድያ ድረስ ሄዶ ይቀርባል» ሲሉ፣ ራዊያ «የኔ ነው የሚሄደው» ብላ ነበር። ይህንንም ያለችው ለራሷ ነው፤ ግን ድምፅዋን አልቀነሰችም።

እቅዱ መጥፎ አልነበረም። ግራ እጃቸው አልታዘዝ ላላቸው ለአባባ አላምረው የጨርቅ ኳስ መጭመቅ። ነገር ለሚጠፋባቸው ለአባባ አራጌ የድሮ በሬዎቻቸውን ስም እየጠሩ ማውራት። ለእማማ ሳሊሀ ማሽላ መልቀም። እሳቸው ግን ሰኞ ጠዋት ሰፌዱን በእጃቸው ገፉት።

«ማን ሊበላው ነው የምለቅመው? ለማስመሰል ከሆነ ተዪኝ፣ ልተኛበት።»

«ለሰደቃ ነው!» አለች ራዊያ። ቃሉ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። «አርብ ከጁምዓ በኋላ ንፍሮ ተቀቅሎ ለሚስኪን ይሰጣል።»

የእማማ ሳሊሀ ፊት በራ። «እኔ? እኔ ሰደቃ ልሰጥ? ስንት ዓመት ሙሉ ስቀበል ነው የኖርኩት እኮ!» ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ አንዲት እፍኝ እንኳ ያለ «ቢስሚላህ» አልነኩም።

ማሽላው ሦስት ኪሎ ብቻ ነበር። ሰኞ ገና ሳይመሽ ተለቅሞ አለቀ። እቅዱ ላይ ግን ገና አራት ቀን ቀርቷል።

«ጣሳውን መልሰሽ ማሽላው ላይ ገልብጪበታ» አላት ሙህሲን። «አቦ አታካብጂ፣ አይነቁም። አያዩም እኮ።»

ሐሳቡ የሙህሲን ነው። ጣሳውን የገለበጠችው ግን ራዊያ ናት። ማክሰኞም ገለበጠች። ረቡዕና ሐሙስም እንደዚያው።

አርብ እለት ከትምህርት ቤት ስትመጣ እማማ ሳሊሀ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የታጠበ ሻሽ አስረዋል፤ እጃቸውን በሂና ቀብተዋል። በዚያ ሙቀት ከረፋድ ጀምሮ ከዚያ አልተነሱም። የዋጃ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ጆሯቸውን ያቀናሉ።

«ራዊያ ነሽ? ሰደቃውን የሚበላው ጀማ መጣ?»

 አብሯት የመጣው ሙህሲን ወደ ራዊያ ጆሮ ጠጋ አለ። «ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛወረ በያቸው፣ በቃ። መምህርት አሁን ይደርሳሉ። ፎቶ ይነሳና ያልቃል።»

ቀላል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ቃል አይቸግራትም። የእማማን ሂና አየች። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ፣ ማሽላ ሲፈትጋቸው በሰነበተው ቦታ፣ ቀለሙ አልያዘም።

«እማማ» አለችና ከፊታቸው ቁጢጥ አለች። «ጀማ የለም። ሰደቃም የለም። ማሽላው ያው የሰኞው ነው። የለቀሙትን ማታ ማታ መልሼ ከጠጠሩ ጋር ስቀላቅለው ነበር።»

 እማማ ሳሊሀ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ነገር በመዳፏ ላይ አኖሩላት። ጥርስ የመሰለችው ጠጠር ናት።

«ጠጠሯንስ አውቄያት ነበር። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብለሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጅ ነሽ።» ድምፃቸው ቀጠነ። «አርቡን ግን አምኜሽ ነበር።»

«አውፍ በሉኝ እማማ፣ ይቅር በሉኝ።»

«ክፍሌ አስገቢኝ። ፀሐዩ በረታብኝ።»

ደግፋ አስገባቻቸው። ሻሹን ፈትተው አጣጥፈው ትራሳቸው ስር አስገቡት፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።  ራዊያ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። 

ውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ሙህሲን እቅዱ የተጻፈበትን ትልቅ ወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ። «መጡ! የት ነው የምንለጥፈው?»

ራዊያ ወረቀቱን አልተቀበለችውም። ጣሳውን አነሳች፤ ከበሩ ወጥታ እማማ ጠዋት የለቀሙትን ጠጠር ሁሉ የመንገዱ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ጥርስ የመሰለችውን ብቻ ኪሷ ከተተች። ተመልሳ ወደ ማድ ቤቱ አቀናች።

«እትዬ ራቢዓ፣ ለንፍሮ ትልቁን ድስት ያውሱኛል?»

ምግብ አብሳይዋ ሳትመልስ መምህርት የትናየት ካሜራቸውን እያስተካከሉ ደረሱ። «ራዊያ! ማሽላ የሚለቅሙት እናትስ?»

«ተኝተዋል መምህርት። የእሳቸው እቅድ አልተሳካም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መልስ አልጠበቀችም። ሰፌዱን ይዛ በእማማ ሳሊሀ መስኮት ስር ተቀመጠች። ትናንት ማታ የተቀላቀለው ማሽላ ገና ተለቅሞ አላለቀም፤ የቀረው መለቀም አለበት። እጇ እንደሳቸው ፈጣን አይደለም። አንዷን ጠጠር አግኝታ ባዶው ጣሳ ውስጥ ጣለቻት። ጣሳው ጮኸ።

ከመስኮቱ ምንም አልተሰማም።

«ቢስሚላህ» አለች ራዊያ፣ ውስጥ እንዲሰማ አድርጋ፤ ሁለተኛውን እፍኝ አነሳች።